ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት

ይህን ጽሑፍ የምጀምረው በራሴ ስሕተት ነው።

ከባለቤቴ ጋር በአንዲት የገጠር ከተማ ስናገለግል ሁልጊዜ በር አጠገብ የምትቀመጥ ወጣት እህት ነበረች። ዝማሬው ከተጀመረ በኋላ ትገባለች፤ የመዝጊያው ጸሎት ሳያልቅ ትወጣለች። ቡና ስንጠራት ምክንያት ታበዛለች። በኋላም ጭራሽ ቀረች። እኛ የእህቶች ኅብረት መሪዎች ተሰብስበን «መንፈሳዊ ሕይወቷ ቀዝቅዟል» አልን። እኔም ኅብረትን ስለ መተው አንድ ትምህርት አዘጋጅቼ ልመክራት ወደ ቤቷ ሄድኩ።

ደጃፏ ላይ ብዙ የታጠቡ ጨርቆች ተሰጥተዋል። «እትዬ፣ እባክዎ ውጭ እንቀመጥ፤ ቤቱ ይሸታል» አለችኝ። ያዘጋጀሁትን ትምህርት ከቦርሳዬ አላወጣሁትም። ሦስት ቀን አምጣ ልጇ ሞቶ እንደ ተወለደ፣ ከዚያ ወዲህ ሽንቷን መቆጣጠር እንዳቃታት፣ ባሏም ወደ ወላጆቿ እንደ መለሳት ነገረችኝ። ከሁሉ የከበደኝ ግን የመጨረሻው ነበር፤ «የተሰወረ ኃጢአት ይኖርብሻል ተባልኩ። ጾምኩ፣ ጸለይኩ፣ አልተወኝም» አለች። ይህን ያለቻት ከእኛው ኅብረት አንዷ ነበረች።

ስም ያለው ሕመም

ይህ እርግማን አይደለም፤ ፊስቱላ ይባላል። ምጥ ያለ ሐኪም እርዳታ ለረጅም ሰዓት፣ አንዳንዴም ለቀናት ሲቆይ፣ የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ገላ ከዳሌዋ አጥንት ጋር አጣብቆ ይጫነዋል። ደም ያልደረሰው የሰውነት ክፍል ይሞትና ቀዳዳ ይፈጠራል። በዚያ ቀዳዳ ሽንት፣ አንዳንዴም ሰገራ፣ ያለ ማቋረጥ ይፈስሳል። አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑም በሕይወት አይወለድም። እናቲቱ በሰዓቱ ሆስፒታል ደርሳ ኦፕራሲዮን ብታገኝ ይህን ሁሉ ማስቀረት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1959 ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ለሦስት ዓመት ኮንትራት ወደ አገራችን መጡ። እነዚህን ሴቶች ሲያዩ ግን መመለሱን ተዉት። በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ከጊዜ በኋላ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱም ማዕከላት ተከፈቱ፤ በ2007 ደግሞ የአዋላጆች ኮሌጅ ተጨመረ። ዶክተር ካትሪን በመጋቢት 2020 በ96 ዓመታቸው አዲስ አበባ ውስጥ እስካረፉበት ቀን ድረስ ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል። ሕክምናው በነጻ ነው።

እንግዲህ ሐኪሙ አለ፣ ሆስፒታሉም አለ። ታዲያ ያቺ እህታችን ለምን ቤቷ ተቀመጠች? የሚነግራትና የሚያደርሳት ስላጣች ነው። ይህ ደግሞ የእኛ ድርሻ ነበር።

እድሩ የማን ነው?

ሕክምናው ነጻ ቢሆንም መንገዱ ነጻ አይደለም። የመኪና ኪራይ፣ አብሯት የሚሄድ ሰው፣ ስንቅ ያስፈልጋል። የእህቶች ኅብረታችን ያዋጣው አልበቃም። በእሷው ፈቃድ ወደ ቤተሰቧ እድር ሄድን። መሪዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ነገር ግን «መተዳደሪያ ደንባችን ለቀብር ነው» አሉን።

ከመካከላቸው አንድ አባት ተነሡ። «ብትሞት ድንኳን እንተክላለን፤ ሦስት ቀን አብረን እንቀመጣለን። በሕይወት ሳለች ለመኪና የሚሆን ብር ከሌለን፣ ይህ እድር የማን ነው?» አሉ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያ ገንዘቡ ተፈቀደ። በሚቀጥለው ዓመት ደንቡ ተሻሻለ፤ ምጥ ለያዛት እናት ስብሰባ ሳይጠራ በዚያው ሌሊት የመኪና ገንዘብ እንዲወጣ ተወሰነ። ገንዘብ ያዡም ለዚሁ የሚሆን ብር በቤቱ ያስቀምጥ ጀመር።

በአገራችን በ2005 በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበሩ። በ2019 ወደ 48 ደርሷል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ጥናት ከግማሽ የሚበልጡት ገና አልደረሱም ነበር።

ምን እናድርግ?

አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልገንም። እድሩ፣ የእህቶች ኅብረቱ፣ የቡና ማኅበሩ አስቀድሞ አለ።

1ኛ. አስቀድመን እንጠይቅ። የአካባቢያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና አዋላጅ ነርስ ጋብዙ። የጎደላቸውን እነርሱ ያውቃሉ። ቤታቸው ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ በእናቶች ማቆያ እንዲሰነብቱ ይመከራል፤ ማቆያው ግን እህልና ማገዶ ካላገኘ ባዶ ይሆናል። የእህቶች ኅብረት በየወሩ ዱቄትና ሽሮ ቢያዋጣ አገልግሎት ነው።

2ኛ. ነፍሰ ጡሮችን እንወቅ። ማን መቼ ትወልዳለች? ማን ያደርሳታል? ልጆቿን ማን ይጠብቅላታል? ይህ ምጡ ሳይጀምር ይወሰን።

3ኛ. የእህትን ምስጢር እንጠብቅ። ለመርዳት ብለን ሕመሟን ለጸሎት ርእስ በአደባባይ አናውጣው። እሷ የፈቀደችውን፣ ለፈቀደችው ሰው ብቻ እንናገር።

4ኛ. ስትመለስ እንቀበላት። አብዛኞቹ ይድናሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ደጋግመው መታከም ይኖርባቸዋል፣ ሙሉ በሙሉ የማይደርቅላቸውም አሉ። ከእኛ ጋር ለመቀመጥ መዳን ቅድመ ሁኔታ አይሁን።

ለእናንተም ባሎች አንድ ቃል አለኝ። በብዙ ቤት «እስኪነጋ እንጠብቅ» የሚለው የባል ቃል ነው። ያ ሌሊት የሚስትህን ዘመን ሊለውጥ ይችላል። ፊስቱላ ታክማ የዳነች ሚስት ካለችህ ደግሞ ሐኪሙ ለዕረፍት ያዘዘላትን ጊዜ አክብርላት። የሚቀጥለውንም ልጅ በሆስፒታል፣ አብዛኛውን ጊዜ በኦፕራሲዮን፣ ትወልዳለችና ከወዲሁ ተዘጋጅ።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ያለችውን ሴት አስቡ። አሥራ ሁለት ዓመት ደም ፈሰሳት፤ ያላትን ሁሉ ለሐኪሞች ጨረሰች፤ በሕጉም እንደ ርኩስ ተቆጠረች። ጌታ ግን በሕዝብ መካከል ቆሞ ፈለጋት፤ ልጄ ብሎም ጠራት። እየሄደ የነበረው ወደ አንድ ታላቅ ሰው ቤት ነበር፤ ሆኖም ለእሷ ቆመ።

እህታችን ከወራት በኋላ ተመለሰች። የመጀመሪያው እሑድ እንደ ልማዷ በር አጠገብ ተቀመጠች። ያን የተሰወረ ኃጢአት የተናገረቻት እህት ከፊት ወንበር ተነሥታ ሄደችና አጠገቧ ተቀመጠች፤ ይቅርታም ጠየቀቻት። ከአምልኮ በኋላ ቡናው የተፈላው በእህታችን ቤት ነው።

በእናንተስ ቤተ ክርስቲያን በር አጠገብ የምትቀመጠው ማን ናት? ጌታ ዓይናችንን ይክፈትልን።