ሳጥን የምታክል ሳተላይትና የላይኛው አየር

ንባብ የጀመራችሁ ሁሉ ይህን ወረቀት በእጃችሁ ይዛችሁ ተከተሉን። የዛሬው አዲስ ቃል «አዮኖስፌር» ነው። ፊደሉን አንድ ባንድ በጣታችሁ እያሳያችሁ በሉት፤ አ - ዮ - ኖ - ስ - ፌ - ር። ስድስት ፊደል ነው። ቃሉ የውጭ አገር ቢሆንም ነገሩ ከራሳችን በላይ ያለ ነው።

ማታ ደሴ ፒያሳ ተቀምጦ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ የከፈተ ሰው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ድምፅ ይሰማል። ያ ድምፅ የጦሳን ተራራ በስቶ አልመጣም። መሬት ክብ ናት፤ የሬዲዮ ሞገድ ደግሞ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ታዲያ እንዴት ደረሰ? ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ እዚያ ካለ ነገር ጋር ተጋጭቶ ወደ ታች ስለ ተመለሰ ነው። መላሹ አዮኖስፌር ይባላል።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው ብርዱ እየጨመረ እንደሚሄድ ያውቃል። ኮምቦልቻ በሸሚዝ የነበረው ደሴ ሲደርስ ጋቢ ይፈልጋል። እንዲሁ እየበረደ እስከ መጨረሻው የሚሄድ ይመስላል፤ ግን አይደለም። በመንገዱ አንዴ ሞቅ አንዴ ቀዝቀዝ ሲል ይቆይና፣ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ከወጣን በኋላ የፀሐይ ብርቱ ጨረር አየሩን ያግለዋል፤ ከ1000 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። አየሩ እጅግ ስስ ስለሆነ ግን እዚያ እጁን የዘረጋ ሰው ግለቱን አይሰማውም። ይኸው ጨረር ከአየሩ ላይ ኤሌክትሮን የሚባሉትን ረቂቅ ነገሮች ይፈለቅቃል። የሬዲዮን ሞገድ የሚመልሱት እነዚህ የተፈለቀቁት ናቸው።

ለኛ አገር ደግሞ ነገሩ ከብዙው አገር ይበልጥ ይከብዳል። በመሃሏ የተንጠለጠለች የማግኔት መርፌ በአብዛኛው ዓለም ወይ በአንደኛው ወይ በሌላኛው ጫፏ ወደ መሬት ታዘነብላለች። ሳታዘነብል ጋድም ብላ የምትቆምበት መስመር አለ፤ የማግኔት የምድር ወገብ ይሉታል። መስመሩ ከሚያልፍባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በዚህ መስመር ላይ፣ ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ፣ በአንዳንድ ምሽት፣ የላይኛው አየር እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ኤሌክትሮን የሳሳበት ትልልቅ አረፋ ከታች እየተነሣ ወደ ላይ ይወጣል። የጂፒኤስ ምልክት በዚያ አረፋ ውስጥ ሲያልፍ ይርገበገባል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። አውሮፕላን አብራሪው፣ የመንገድ መሐንዲሱ፣ የእርሻ ወሰን የሚለካው ባለሙያ ሁሉ በዚህ ይነካሉ። ወሰን በጥቂት ሜትር ሲዛነፍ ምን እንደሚያመጣ ለወሎ ገበሬ መንገር አያስፈልግም።

ታዲያ ለምን አስቀድሞ አይታወቅም? አንደኛ፣ ቦታው እንግዳውን ይበላል። ፊኛ ከ40 ወይም ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ አይዘልቅም። ሮኬት ለጥቂት ደቂቃ አይቶ ይመለሳል። ሳተላይት በጣም ዝቅ ካለ ስሱ አየር እየጎተተ ያወርደውና ይቃጠላል። ብዙ ገንዘብ የወጣበትን ትልቅ ሳተላይት እዚያ መላክ ብርን እሳት ላይ መጣል ነው።

ሁለተኛውን ችግር እኔ ከመጀመሪያው አስበልጠዋለሁ። ዝቅ ብሎ የሚበር አንድ ሳተላይት መሬትን በአንድ ሰዓት ተኩል አንዴ ይዞራል። ወሎ ላይ ሲያልፍ ብዙ ኤሌክትሮን ቆጠረ እንበል። ዞሮ ሲመጣ መሬት ከሥሩ ዞራለች፤ አሁን ከወሎ በስተምዕራብ ሌላ አገር ላይ ነው፤ ኤሌክትሮኑም ጥቂት ሆኖ አገኘው። የተለወጠው ቦታው ነው ወይስ ጊዜው? ብቻውን ሆኖ ይህን ሊለይ አይችልም።

እስቲ የደሴን ገበያ አስቡ። አንድ ሰው ከኩታበር ተነሥቶ፣ በሐይቅና በኮምቦልቻ አልፎ፣ ከሚሴ ድረስ እየዞረ ስለ ዝናቡ ሊናገር ቢነሣ፣ ከሚሴ ሲደርስ የኩታበሩ ዝናብ አባርቷል። የሚያወራው የተለያየ ቀን ዝናብ ነው። በገበያ ቀን ግን ሰው ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ ሁሉም በዚያች ጠዋት በየቀዬው ያየውን ይናገራል። ያኔ ደመናው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ሄደ ቡናው ሳይፈላ ይታወቃል።

የትንንሽ ሳተላይቶች ነገር እንዲሁ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ቦብ ትዊግስና ጆርዲ ፑይግ-ሱዋሪ የተባሉ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ተማሪ ሊሠራት የሚችል፣ በየጎኗ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነች የሳጥን ሳተላይት ነደፉ። ኩብሳት ትባላለች። ሁለቷ ሲደራረቡ ቁመታቸው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው፤ ክብደታቸውም ሁለት ኪሎ ስኳር ያህል። ርካሽ ስለሆኑ ብዙ አድርጎ መላክ ይቻላል፤ ቢቃጠሉም ብዙ አያስቆጭም።

ኪውቢ 50 የተባለው፣ በቤልጅግ የቮን ካርማን ተቋም የመራው ሥራ፣ ስሙ እንደሚለው 50 ሳጥን ለመላክ ታስቦ ነበር፤ የወጡት 36 ናቸው። 28ቱ በግንቦት ወር 2009 ዓ.ም. ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ እንደ ዘር ተበተኑ። 8ቱ በሰኔ 16 ቀን በሕንድ ሮኬት ወጡ። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ሁለት ሳጥን ነበራት። ገሚሱ ኦክስጅን ይለካ፣ ገሚሱ በቀጫጭን መርፌ ኤሌክትሮን ይቆጥር ነበር። ከወጡበት ሰዓት ጀምሮ ድምፃቸው ያልተሰማም አሉ። ዘር የዘራ ሰው ሁሉም አይበቅልለትም እኮ፤ በዚህ ምክንያት ሥራው ከንቱ ነው ማለት አይገባም።

ላይኛውን አየር አለማወቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በጥር 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ታይቷል። ስታርሊንክ የተባሉ 49 ሳተላይቶች መጠቁ። ከፀሐይ የተነሣ ማዕበል የላይኛውን አየር አሙቆ አሳበጠው፤ አየሩ ከታሰበው በላይ ጎተታቸውና 40 ያህሉ ወርደው ተቃጠሉ።

በኛ ሰማይ ላይም የሚያልፉ አሉ። ኮስሚክ 2 የተባሉት ስድስት ሳተላይቶች፣ እንደ ሳጥኖቹ ትንንሽ ባይሆኑም፣ ከሰኔ 18 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከምድር ወገብ ብዙ ሳይርቁ እየዞሩ፣ የጂፒኤስ ምልክት በአየር ውስጥ ሲያልፍ እንዴት እንደሚጎብጥ እንዲለኩ የተላኩ ናቸው።

ከመሬት ሆኖ መለካቱ ላይ እኛም እንግዳ አይደለንም። የአዲስ አበባው የማግኔት መለኪያ ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1950 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ተወላጁ ሳይንቲስት ዶክተር እንዳወቀ ይዘንጋው ከባልደረቦቻቸው ጋር በአዲግራትና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የማግኔት መለኪያ ተክለዋል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የዋሸራ ላቦራቶሪ ለዚሁ ጥናት የተቋቋመ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የወጣችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችንና በዓመቱ የተከተለቻት ትንሿ ግን የተላኩት መሬቱን፣ እርሻውንና ውኃውን እንዲያዩ ነበር። አረፋው የሚነሣበትን አየር በውስጡ እያለፈች የምትለካ የራሳችን ሳጥን ገና አልወጣችም።