ስለ አናጢ ሞርሳ አሠራር

እንጨት የሚልግ ተማሪ አንድ እጁ እንጨቱን ለመያዝ ከተገደደ፥ መላጊያውን የሚገፋው በቀረው እጅ ብቻ ነው። እንጨቱ ይሸሻል፥ መሮውም ይስታል፤ የሚቆረጠውም ብዙ ጊዜ ጣት ነው። ስለዚህ የእጅ ሥራ በሚያስተምር ቤት እንጨት አጥብቆ የሚይዝ መሣሪያ አስቀድሞ መገኘት ይገባዋል። አናጢዎች ሞርሳ ይሉታል፤ ስሙም ከኢጣልያ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «መንከስ» ከሚለው ቃል ጋራ ዘመድ ነው።

ለገጠር ትምህርት ቤት የሚቀለው ከጠረጴዛ እግር ጋራ የሚሠራው ሞርሳ ነው። የጠረጴዛው የፊት እግር ወፍራምና ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋራ የተስተካከለ ይሁን፤ ይህ የማይነቃነቀው መንጋጋ ነው። በፊቱም ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ እስከ ጠረጴዛው ገጽ የሚደርስ ጠንካራ ሳንቃ ይቆማል፤ ይህ ተንቀሳቃሹ መንጋጋ ነው። ወይራ ቢገኝ መልካም ነው፤ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ግን ይጣመማልና አይሆንም። ከጠረጴዛው ገጽ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ሁለቱ ይበሳሉ። ወፍራም ብሎን በሳንቃው ቀዳዳ ላላ ብሎ ያልፍና ከእግሩ በስተኋላ በጥብቅ ወደ ተተከለው ዳዶ ይገባል። ብሎኑና ዳዶው ተሠርተው ቢገዙ ይሻላል፤ በሞረድ የወጣ ጥርስ እኩል አይሆንምና።

ኃይሉ ከወዴት ይመጣል? የእጀታው ጫፍ ከብሎኑ መካከል 15 ሳንቲሜትር ቢርቅ፥ እጅ በአንድ ዙር 94 ሳንቲሜትር ያህል ይሄዳል፤ የብሎኑ ጥርሶች በ6 ሚሊሜትር ቢራራቁ ግን መንጋጋው የሚጠጋው 6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። እጅ በረዥም መንገድ የሰጠው ጉልበት በአጭር መንገድ ይሰበሰባል፤ በሒሳብ ቢታሰብ 150 እጥፍ ያህል ይሆናል። ከዚህ አብዛኛውን ፍትጊያ ይበላዋል። ነገር ግን ፍትጊያን አንውቀሰው፤ እጅ ሲለቅ ብሎኑ ወደ ኋላ እንዳይፈታ የሚያደርገው እርሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ከታች ያለውን ነገር ነው። ብሎኑ ብቻውን ቢጠብቅ የሳንቃው ግርጌ ወደ እግሩ ይጠጋል፥ ራሱ ግን ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ እንጨቱም በታችኛው ጠርዙ ብቻ ስለሚያዝ ይንሸራተታል። ይህን ለመከልከል ብዙ ቀዳዳ ያለው አግዳሚ ዘንግ በሳንቃው ግርጌ ይተከልና በጠረጴዛው እግር ውስጥ ያልፋል። 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው እንጨት ሲያዝ፥ የታችኛው ክፍተት ከ5 ሳንቲሜትር ጥቂት እንዲበልጥ ሆኖ ከእግሩ ፊት ባለው ቀዳዳ ችንካር ይገባል። ያን ጊዜ መንጋጋው አስቀድሞ በላይኛው ጫፉ ይነክሳል።

የመንጋጋዎቹ ፊት ቆዳ ቢለብስ የተላገው እንጨት አይቆስልም። እንጨቱ ከብሎኑ በአንድ ወገን ብቻ ሲያዝ፥ በሌላው ወገን እኩል ውፍረት ያለው ቁራጭ ይግባ፤ አለዚያ ሳንቃው ይጣመማል። እጀታውን በቧንቧ አስረዝሞ ማጥበቅ የዳዶውን ጥርስ ያፈርሳል፤ እንጨቱ አልያዝ ካለ አስቀድሞ የሚመረመረው የችንካሩ ቦታ ነው።