ብራናው በስልክ፣ ዜማው ከመምህሩ አፍ

በላሊበላና በላስታ የአብነት ጉባኤያት ተማሪው በዝቶ መጽሐፉ ሲያንስ፣ ደቀ መዝሙሩ ተራ ይጠብቃል። ዛሬ ግን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሀገራችን በማይክሮፊልም የተነሡ በርካታ የብራና መጻሕፍት፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ይታያሉ። መምህሩም የድጓን ገጽ በስልኩ ከፍቶ፣ ቃሉንና ምልክቱን በእጁ ካለው መጽሐፍ ጋር እያስተያየ ማስተማር ይችላል።

አዲስ መሣሪያ ለዜማ ቤት እንግዳ አይደለም። ሊቃውንቱ እንደሚተርኩት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያዘጋጁት የዜማ ምልክት መምህሩን አገዘው እንጂ አልተካውም። ስልክም ገጽ ያሳያል፣ የተቀዳ ድምፅ ያሰማል፤ ተማሪው ግእዙን ከዕዝል ሲቀላቅል ሰምቶ ግን አያርምም። ስለዚህ ብራናውን ከስልክ እንመልከት፤ ዜማውን ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጠን እንቀበል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።