ኖት፦ የመርከብ ፍጥነትና የገመድ ቋጠሮ

አንድ የጭነት መርከብ ከጅቡቲ ተነሥቶ «በ15 ኖት ፍጥነት እየተጓዘ ነው» ሲባል ብዙዎቻችን ቁጥሩን ሰምተን እናልፋለን። ቃሉ ለአማርኛ ጆሮ የብር ኖትን ያስታውስ ይሆናል፤ ዝምድና ግን የላቸውም። የእንግሊዝኛው ቃል ቀጥተኛ ፍቺ «ቋጠሮ» ነው፤ ያውም በገመድ ላይ የሚቋጠረው ያው የምናውቀው ቋጠሮ።

አንድ ኖት ማለት በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም 1,852 ሜትር መጓዝ ነው። ስለዚህ 15 ኖት በሰዓት ወደ 28 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። «በሰዓት» የሚለው ሐሳብ በራሱ በኖት ውስጥ ስላለ «በሰዓት 15 ኖት» ማለት ስሕተት ነው፤ እኛ ጋዜጠኞችም ደጋግመን እንሳሳተዋለን።

በየብስ የሚጓዝ ሰው ፍጥነቱን በዛፉም በኮረብታውም ይገምታል። በውቅያኖስ መካከል ግን ዓይን የሚያርፍበት ምልክት የለም። ለዚህ ችግር የተገኘውን ዘዴ እንግሊዛዊው ዊልያም ቦርን እ.ኤ.አ. በ1574 በታተመው የባሕር ጉዞ መመሪያው ገልጾታል። ኋላ ላይ በተስፋፋው አሠራር፣ የሩብ ክብ ቅርጽ ያለው ሳንቃ በውኃው ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ጠርዙ ላይ እርሳስ ይገጠምለትና ከመርከቡ ኋላ ይጣላል። ውኃው ስለሚይዘው ሳንቃው ባለበት ይቀራል፤ መርከቡ ሲርቅ ገመዱ ከመጠምጠሚያው ይተረተራል። አንዱ መርከበኛ የአሸዋ ሰዓት ይገለብጣል፤ ሌላው በእጁ መካከል የሚያልፉትን ቋጠሮዎች ይቆጥራል። አሸዋው ሲያልቅ ስድስት ቋጠሮ አልፎ ከሆነ የመርከቡ ፍጥነት ስድስት ኖት ነው።

የአሸዋው ሰዓት የ28 ሴኮንድ ከሆነ በቋጠሮዎቹ መካከል ያለው ርቀት 14.4 ሜትር መሆን አለበት። በሰዓት 1,852 ሜትር የሚጓዝ መርከብ በ28 ሴኮንድ የሚሄደው ይህንኑ ያህል ነውና። ሳንቃው «ሎግ» ይባል ስለነበር ውጤቱ የሚጻፍበት መዝገብ «ሎግቡክ» ተባለ። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ «ሎግ ኢን» የምንለውም የዚያው ቃል ዘር ነው።

ልኬቱ የሕይወት ጉዳይ ነበር። ሳተላይት ባልነበረበት ዘመን የመርከብ አዛዥ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በአመዛኙ ከአቅጣጫው፣ ከፍጥነቱና ካለፈው ጊዜ አስልቶ ነው። የግማሽ ኖት ስሕተት በ10 ቀን ውስጥ ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ገና ሰፊ ባሕር ላይ ነኝ ብሎ በጨለማ የሚገሰግስ መርከብ ከዓለት ጋር ለመላተም ይህ ከበቂ በላይ ነው።

እንግሊዛውያን መርከበኞች ለረጅም ጊዜ ቋጠሮውን በየ42 ጫማው (12.8 ሜትር) እያሰሩ በ30 ሴኮንድ ይለኩ ነበር። ይህ የተመሠረተው ምድር ከትክክለኛ መጠኗ ታንሳለች በሚል ስሌት ላይ ነው። ሪቻርድ ኖርውድ የተባለ የሒሳብ ሊቅ በ1630ዎቹ በለንደንና በዮርክ ከተሞች የፀሐይን ከፍታ ለካ፤ በመካከላቸው ያለውንም መንገድ ገሚሱን በሰንሰለት፣ ገሚሱን በእርምጃው ለክቶ ስሕተቱን በ1637 አሳተመ። የእርሱ ውጤት ከዛሬው የሚለየው ከ1 በመቶ ባነሰ ነው። ሆኖም ብዙዎች አሮጌውን ልክ ቶሎ አልተዉም። የተቀራረበ ቋጠሮ ፍጥነቱን አብዝቶ ስለሚያሳይ፣ የብስ ከመድረሱ በፊት «ደርሰናል» ብሎ ጥንቃቄ ያስጀምራል። ለእኔ ይህ ግትርነት ብቻ አይመስለኝም፤ መሐንዲሶች ዛሬም ለደኅንነት ሲሉ እያወቁ ወደ አንድ ወገን ያደላሉ።

ኪሎ ሜትር ዓለምን ካዳረሰ በኋላ ኖት ለምን አልጠፋም? የባሕር ማይል ከራሷ ከምድር የተወሰደ በመሆኑ ነው። ከምድር ወገብ እስከ ዋልታ 10,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም 90 ዲግሪ፣ እያንዳንዱ ዲግሪ ደግሞ 60 ደቂቃ ነው። ርቀቱን ለ5,400 ደቂቃ ብናካፍል 1,852 ሜትር እናገኛለን። በ60 ኖት ወደ ሰሜን የሚበር አውሮፕላን በአንድ ሰዓት አንድ ዲግሪ ያቋርጣል፤ አብራሪው ሌላ ስሌት አያስፈልገውም። በአሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን የሚሰሙት የሀሪኬን ማስጠንቀቂያም በዚሁ ይለካል፦ የነፋሱ ፍጥነት 64 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ማዕበሉ ሀሪኬን ይባላል።

ሳንቃውና ገመዱ ዛሬ የሙዚየም ዕቃ ናቸው። ጂፒኤስ መርከቡ ከምድር አንጻር ምን ያህል እንደሚፈጥን ይነግራል፤ በውኃው ውስጥ ያለው ፍጥነት ግን እንደ ሞገዱ ጉልበት ከዚያ ሊለይ ስለሚችል ለብቻው ይለካል። ይህንን የሚለካው በመርከቡ ሆድ ሥር የሚገጠም የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ አሁንም «ሎግ» ይባላል።