የክረምትና የበጋ ጉዞ



ልጅ ሆኜ ኮምቦልቻ መድረሳ ውስጥ ሱረቱል ቁረይሽን ስሐፍዝ፣ ኡስታዛችን በሱራው ውስጥ ያሉትን ሁለት ጉዞዎች አንዱ በክረምት፣ አንዱ በበጋ ነው ብለው ተርጉመውልን ነበር። እኔም የቁረይሽ ነጋዴዎች ግመሎቻቸውን በሐምሌ ጭቃ እየጎተቱ፣ እንደ ቦርከና ያለ ወንዝ ሞልቶባቸው ዳር ላይ ቆመው ሲጠብቁ ይታየኝ ነበር። ስህተቴን ያረመልኝ ብዙ ቆይቶ የጂኦግራፊ ትምህርት ነው። በዓረብ ምድር “ሺታእ” የሚባለው የታኅሣሥና የጥር ብርድ ነው፤ ያ ወቅት እኛ ዘንድ በጋ ነው። የእኛ ክረምት ደግሞ ለመካ የሐሩር ጊዜ ነው። ሙፈሲሮች እንደሚያስረዱት ቁረይሾች በብርዱ ወራት ወደ ሞቃቱ የመን፣ በሐሩሩ ወደ ሻም ይነግዱ ነበር።

እናቴም ሁለት ጉዞ አላት። አባቴ ወደ አኼራ ከሄደ ወዲህ፣ አዝመራው ከገባ በኋላ በጥር ትመጣና ሰኔ ሳይገባ ትመለሳለች። ዘንድሮ ግን በዓይኗ ሕክምና ምክንያት ክረምቱን ከእኛ ጋር ጉለሌ አሳለፈች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ልጆቼ ተሯሩጠው ጋቢዋ ውስጥ ይገባሉ፤ እሷም ተረቷን ትጀምራለች። እኔና ባለቤቴ “ለምን ጠቅልላ እዚሁ አትቀርም?” ማለት ጀመርን።

መስከረም ሲጠባ እሷ የመንገድ ነገር አነሳች። እኔም ሐሳቧን ላስቀይር ብዬ እሑድ ጠዋት ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወሰድኳት። የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ይህ ስፍራ 705 ሄክታር ስፋት አለው፤ ባሕር ዛፉን በአገር በቀል ዛፍ መተካት አንዱ ሥራው ነው። አደይ አበባው ፈክቷል። ከፍታው ከ2500 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ ግን አልለቀቀም።

እናቴ ከአንድ ወይራ አጠገብ ቆመች። ቅጠሉን ልትቀነጥስ እጇን ስትዘረጋ ልጄ “አያቴ፣ አይቆረጥም!” አላት። ሳቀች። ከዚያም ዝም ብላ ቆየችና፣

“የወተት ዕቃዬ ይኸው ስንት ወሩ፣ ሳይታጠን ተቀመጠ” አለች።

“እማ፣ እዚያ እኮ ብቻሽን ነሽ” አልኳት።

“ብቻዬን? ጎረቤቶቼስ? እኔ አቦሉን ያለ እነሱ ጠጥቼ አውቃለሁ? ይልቅ የእናንተ ጎረቤት፣ ያ ባለ አረንጓዴው በር፣ ስሙ ማነው?”

እዚያ ቤት ከገባን ሦስት ዓመታችን ነው። የጎረቤትን ሐቅ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። የሰውዬውን ስም ግን አላውቀውም።

ማክሰኞ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ላምበረት መናኸሪያ ሸኘኋት። ጣርማ በር ላይ ጉም አይጠፋምና ጋቢዋን እንዳታወልቅ አደራ አልኳት። ማታ ስትደውል ከጀርባዋ ቡና ሲወቀጥ ይሰማል። “አልሐምዱሊላህ፣ ገብቻለሁ” አለችና ወዲያው፣ “ጎረቤታችሁን ጠየቃችሁት?” አለችኝ።

ገና ነበር።