ለቆዩ የቴሌቪዥን ዝግጅቶች የትኛው የምስል ጥራት ይመረጣል?

በደባርቅና በዳባት ከተሞችም ኾነ በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች የቆዩ ድራማዎችንና የልጆች ዝግጅቶችን በእጅ ስልክ የሚመለከቱ ብዙዎች ናቸው። ከተሜው በኢንተርኔት ይከፍታቸዋል። ኔትወርክ የሚያስቸግረው የገጠር ነዋሪ ደግሞ ገበያ ሲወጣ በሚሞሪ ካርድ አስጭኖ ይመለሳል። ሁለቱም 360፣ 480፣ 720 ወይስ 1080 ይሻላል የሚል ምርጫ ይገጥማቸዋል። ምርጫው ለፓኬጅ የሚወጣውን ገንዘብና የሚሞሪውን ቦታ ይወስናል።

ቁጥሮቹ ምስሉ ከላይ እስከ ታች በስንት የነጥብ መስመሮች እንደተሠራ ያመለክታሉ። መስመሩ ሲበዛ ዝርዝር ነገርን የማሳየት ዐቅሙ ያድጋል፤ የሚፈጀው ዳታም ይጨምራል። የቆዩ ዝግጅቶች ስፋትና ቁመት አራት ለሦስት ነው። እንዲህ ያለ ምስል በ480 ሲቀመጥ 307 ሺህ 200 ነጥቦች ይኖሩታል፤ በ1080 ሲቀመጥ ግን 1 ሚሊዮን 555 ሺህ 200 ይደርሳሉ፤ አምስት እጥፍ ገደማ መኾኑ ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም ነው። አባባ ተስፋዬ ተረት ሲነግሩ ትውልድ ያደገው በዚሁ ጣቢያ ነው። ሀገሪቱ ለረጅም ዓመታት የተጠቀመችበት ፓል የተባለው ሥርዓት 625 መስመሮች አሉት፤ ከእነዚህ ውስጥ ምስል የሚይዙት 576 ብቻ ናቸው። ዝግጅቱ ከስርጭት በቤት ቪዲዮ ካሴት የተቀዳ ከኾነ ደግሞ የያዘው ዝርዝር ከዚህም ያነሰ ነው።

ስለዚህ የቆየ ድራማ "1080" ተብሎ ቢጫን በመጀመሪያው ቀረጻ ያልነበረ ዝርዝር አይጨመርለትም። አንድ ኩንታል ገብስ ትልቅ ጎተራ ውስጥ ስለገባ ሁለት ኩንታል አይኾንም። የቪዲዮው ጉዳይም ተመሳሳይ ነው፤ የሚያድገው ማስቀመጫው እንጂ ይዘቱ አይደለም።

ከዚህ በመነሣት ለቆዩ የካሴት ዝግጅቶች 480 ተመጣጣኝ ምርጫ ነው። በትንሽ የስልክ ስክሪን ለሚያይ ሰው 360ም በአብዛኛው ይበቃል። በትልቅ ቴሌቪዥን ሲታይ ግን 720 አንዳንድ ጊዜ የተሻለ ኾኖ ይገኛል። ምክንያቱም የኢንተርኔት የቪዲዮ አገልግሎቶች ዝቅተኛውን መጠን አብዝተው ስለሚያምቁት ምስሉ ይደበዝዛል። አንድ ደቂቃ በ480፣ አንድ ደቂቃ በ720 አይቶ ማነጻጸር ይቻላል። ዐይን ልዩነት ካላየ ዝቅተኛውን መያዝ ያዋጣል።

ኾኖም የቆየ ሁሉ ዝቅተኛ ጥራት አለው ማለት አይደለም። የቻርሊ ቻፕሊን ፊልሞች ከቴሌቪዥን ሥርጭት መስፋፋት በፊት የተሠሩ ቢኾኑም የተቀረጹት 35 ሚሊ ሜትር በሚባለው የሲኒማ ፊልም ላይ ነው። ፊልሙ በጥንቃቄ ተጠብቆ በአዲስ መሣሪያ ሲገለበጥ በ1080 የሚታይ እውነተኛ ዝርዝር ይወጣዋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የዝግጅቱ ዕድሜ ሳይኾን በምን እንደተቀረጸ ነው።

በዩቲዩብ የሚመለከቱ ሰዎች ቪዲዮው ላይ የሚታየውን የጥርስ ጎማ ምልክት በመንካት መጠኑን ራሳቸው መምረጥ ይችላሉ። ምርጫው ለስልኩ ከተተወ ኔትወርኩ ሲጠነክር መጠኑ ከፍ ሊል፣ ፓኬጁም ሳይታሰብ ሊያልቅ ይችላል።

ሚሞሪ የሚያስጭኑም መጠኑን አስቀድመው ቢናገሩ ይጠቀማሉ። የአንድ ሰዓት ዝግጅት ግማሽ ጊጋ ባይት ከያዘ በ32 ጊጋ ባይት ካርድ ላይ 60 ሰዓት ያህል ይጫናል፤ 2 ጊጋ ባይት ከያዘ ግን ከ16 ሰዓት አይበልጥም።

በመጨረሻም ምስሉ ግራና ቀኝ ጥቁር ክፍተት ቢያሳይ ብልሽት አይደለም፤ የቀድሞው የቴሌቪዥን ቅርጽ ነው። ክፍተቱን ለመሙላት ምስሉን መለጠጥ የሰዎቹን ፊት ከማጣመም በቀር ጥራት አይጨምርም።