የሩቅ ምሥራቅ መብል በሰቆጣ ማድ ቤት

በአዲስ አበባ የቻይናና የሕንድ ምግብ ቤቶች ከተከፈቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ሰውም በዚያ ተቀምጦ ከመብላቱ በቀር በካርቶን አሽገው ሲሰጡት ወደ ቤቱ ይዞ ይሄዳል። ከሰቆጣ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ዋናው ከተማ የሄዱ ልጆች ይህን ምግብ ይለምዱና፤ ለበዓል ሲመለሱ ከአትክልት ጋራ የተጠበሰውን ሩዝ እያነሡ እናቶቻቸውን ያስቸግራሉ። እናቲቱም «ዕቃው ከየት ይገኛል?» ብላ ትተወዋለች። ዕቃው ግን አብዛኛው በእጇ ነው።

ሩዝ ዛሬ ከባሕር ማዶ ብቻ የሚመጣ እህል አይደለም። በ1970ዎቹ ዓመታት የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በፎገራ ሜዳ እንዲዘራ ከረዱ ወዲህ፤ በክረምት ውሃ የሚተኛበት ያ ሜዳ የሩዝ አገር ሆኖ የወረታን ገበያ ሞልቶታል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ስለ ሆነች፤ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ገደማ ይፈላልና፤ ለሩዙ ከተለመደው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ይጨመርለት። የሚቀቀለውም በዋዜማው ነው። ቀዝቅዞ ያደረ ሩዝ ፍሬ ፍሬው ይለያያል፤ ትኩሱ ግን በምጣድ ላይ ገንፎ ይሆናል። እንደ ተቀቀለ ሳይዘገይ በትሪ ዘርግቶ ማቀዝቀዝ፤ ከድኖም በቀዝቃዛ ስፍራ ማሳደር ይገባል፤ በሙቀት ያደረ ሩዝ ሆድ ያሳምማልና።

ዋናው ምሥጢር ግን እሳቱ ላይ ነው። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ብቻውን ሲቁላላ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ቻይኖች ግን ሁሉን አስቀድመው በስሱ ይከትፉና፤ በሚንቀለቀል እሳት ላይ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሱታል። ይህ ልማድ ማገዶ ባነሰበት አገር የተገኘ ነው ይባላል። በዋግ ተራራ ላይ እንጨት እንዴት እንደ ተመናመነ፤ ሴቶችም ለአንድ ሸክም ማገዶ ምን ያህል እንደሚደክሙ የሚያውቅ ሰው፤ ከጣዕሙ ይልቅ ይህን ሊያስብበት ይገባል። ዶሮ ወጥ ይቅር ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ የሚል ሰው በዋግ ምድር እራት አያገኝም።

ዎክ የሚባለው ጎድጓዳ ቀጭን ብረት ባይገኝ ሰፊ ብረት ምጣድ ይበቃል፤ ቡና የሚቆላበት ግን አይሁን። ምጣዱ እጅግ ከጋለ በኋላ ሁለት ማንኪያ ዘይት፤ ቀጥሎ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፤ ወዲያው እንደ ክር የተቆረጠ ካሮት፤ ጥቅል ጎመንና ቃሪያ፤ በመጨረሻም ሩዙ ይገባል። እጅም ከማማሰል አያርፍም። ለሁለት ሰው ከሚበቃው በላይ በአንድ ጊዜ አይጨመር፤ ምጣዱ ከሞላ እሳቱ ይሸነፍና አትክልቱ ውሃ አውጥቶ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

ሶያ ሶስ የሚባለው ጥቁር ውሃ አኩሪ አተርና ስንዴ በጨው ውስጥ ለወራት ተብላልተው የሚወጣ ነው። ጠርሙሱ ከሱቅ ቢታጣ፤ ጨውና አቼቶ በጥቂት የዋግ ነጭ ማር ተበጥብጦ ጨዋማውን፤ ኮምጣጣውንና ጣፋጩን ይሰጣል። የጠርሙሱን ሽታ ይሰጣል ብለን ግን አንዋሽም።

በፍስክ ቀን የፍየል ሥጋ ጅማቱን አቋርጦ በስሱ ተቆርጦ ከአትክልቱ አስቀድሞ ይጠበሳል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ ከሠራው ሐይቅም ዓሣ ይገኛል፤ እሾሁ ተለቅሞ፤ ዱቄት ተነስንሶበትና በዘይት ተጠብሶ፤ ያ የማርና የአቼቶ ውሃ ሲፈስስበት ከምግብ ቤቱ አያንስም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ግን ለየቤቱ የነፍስ አባት እንተወዋለን። ዘይት የሚፈቅድ ጾመኛ በአትክልቱ ብቻ የሠራውን ሩዝ ያለ አሳብ ይበላል።

ይህ መብል እንደ ወጥ ተከድኖ እንግዳ አይጠብቅም፤ ቢቆይ ይልማል። ስለዚህ ክትፍቱ ሁሉ አስቀድሞ ይሰናዳና፤ ምጣዱ የሚጣደው እንግዶቹ እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ነው።